ራጅ ሲበጠስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ስለ ብስክሌት ራጅ ናቸው፤ ቸርኬውን፣ ማለትም የጎማውን የብረት ቀለበት፣ ከሞዞው፣ ከመሀለኛው እምብርት፣ ጋር አስሮ ስለያዘው ቀጭን ሽቦ። የተበጠሰውን መተካት ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ የቀሩትን በልክ ወጥሮ ማስቀመጥ ስለሆነ መልሶቻችን ወደዚያ ያጋድላሉ።

«የኋላው ጎማ ራጅ መንገድ ላይ ተበጠሰና ቸርኬው ፍሬኑን እየነካ አላስኬድ አለኝ። ቤት እስክገባ ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ ቁራጩን ያስወግዱ። ተንጠልጥሎ ከቀረ የሆነ ነገር ውስጥ ገብቶ ጎማውን ቀጥ ሊያደርገው ይችላል። ቸርኬው ላይ ከሚይዘው ትንሽ ብሎን፣ ከዳዶው፣ ፈትተው ማውጣት ካቃተዎት ጎረቤቱ ራጅ ላይ ይጠምጥሙት። ቀጥለው ቸርኬው ላይ ከባዶው ቦታ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ራጆች ይመልከቱ። ሁለቱም የሚሄዱት ወደ ሌላኛው የሞዞ ጎን ነው፤ ተቃዋሚ ሲያጡ ቸርኬውን ጎትተው ያጣመሙት እነሱ ናቸው። እያንዳንዳቸውን ከግማሽ እስከ አንድ ዙር ያላሏቸው፤ ስንት ዙር እንዳላሉ ግን ያስታውሱ፣ በኋላ ያስፈልግዎታል። ቸርኬው አሁንም ከነካ የፍሬኑን ሽቦ ይልቀቁት፤ ያ ፍሬን እንደሌለ ቆጥረው በዝግታ ይንዱ።

36 ወይም 32 ራጅ ያለው ጎማ አንድ ጎድሎበትም ቤት ያደርሳል። 20 ወይም 24 ብቻ ከሆነ ግን የአንዱ ድርሻ ትልቅ ስለሆነ ቸርኬው ክፉኛ ይጣመማል፤ እየገፉ መሄድ ይሻላል። የተበጠሰው የፊት ጎማ ላይ ከሆነ እኛ ቁጥሩንም ሳንጠይቅ «ይውረዱ» እንላለን።

«ጉድጓድ ሳልገባ፣ ጭነት ሳልጭን፣ ደልዳላ መንገድ ላይ ተበጠሰብኝ። በጣም ጠብቆ ይሆን?»

አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ላልቶ ነው። ራጅ በአንድ ምት እምብዛም አይበጠስም፤ የሚበጠሰው ቀስ በቀስ ደክሞ ነው። ጎማው ሲዞር መሬት በኩል የደረሰው ራጅ ለአፍታ ይላላል፣ ሲያልፍ መልሶ ይወጠራል። ዙሪያው 2.1 ሜትር የሆነ ጎማ በ1 ኪሎ ሜትር 476 ጊዜ ያህል ስለሚዞር እያንዳንዱ ራጅ ያንኑ ያህል ጊዜ ይላላል፣ ይወጠራል። በደንብ የተወጠረ ራጅ ተራው ደርሶ ሲላላም ጥቂት ውጥረት ይተርፈዋል፤ ቦታውን አይለቅም። የላላው ግን ጨርሶ ባዶ ይሆንና የታጠፈው ጫፉ፣ ክርኑ፣ በሞዞው ቀዳዳ ውስጥ ይወዛወዛል። ሽቦን ወዲያና ወዲህ እያጠፉ መበጠስ እንደሚቻለው ሁሉ እሱም አንድ ቀን ደልዳላ መንገድ ላይ ይለቃል።

የተበጠሰበትን ቦታ ልብ ብለው ይዩት። ክርኑ ላይ ከሆነ ድካም ነው። መሀሉ ላይ ከሆነ የተፋቀ ቦታ ይፈልጉ፤ ካቴናው ከትልቁ ፒኞን (ከኋላው ጥርሳም ማርሽ) ዘሎ ራጆቹን ጭሯቸው ይሆናል፣ ጭረት ያለባቸውን ሌሎቹንም አብሮ መቀየር ነው። ጥርሱ ላይ (ዳዶው በሚጠመዘዝበት ጫፍ)፣ ዳዶው ሥር ከሆነ ደግሞ ወይ ራጁ አጥሯል ወይ ዳዶው በቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ ተጣሞ ተቀምጧል።

«ስንት ርዝመት ያለው ልግዛ?»

ከተበጠሰበት ጎን አንድ ደህና ራጅ ፈትተው ከክርኑ ውስጠኛ ጎን እስከ ጥርሱ ጫፍ ይለኩ። የተበጠሰው ሁለቱም ቁራጭ ካለዎት ገጥመው መለካትም ይቻላል። ከማዶው ጎን ግን አይለኩ፤ ማርሽ ባለው የኋላ ጎማ የቀኞቹ ከግራዎቹ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያጥራሉ። የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት አያስጨንቅም። ከዚያ በላይ ከረዘመ ጥርሱ ያልቅና ዳዶው አልጠብቅም ይላል፣ ወይም ጫፉ አልፎ ካላማዳሪውን ይበሳል። ካጠረ ዳዶው በጥቂት ጥርስ ብቻ ይይዝና ጭንቅላቱ ይበጠሳል። ውፍረቱም ይታይ፤ የተለመደው 2.0 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ1.8 ራጅ በ2.0 ዳዶ ውስጥ አይይዝም።

«አዲሱን ራጅ በየት በኩል ላስገባው? ከሌሎቹ በላይ ነው በታች የሚያልፈው?»

ከባዶው ቀዳዳ ተነስተው በቸርኬው ዙሪያ አራተኛውን ራጅ ይቁጠሩ። በአብዛኞቹ ጎማዎች እሱ የተበጠሰው መንትያ ነው። ጭንቅላቱ ከሞዞው ጠርዝ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ? ስንት ራጅ ያቋርጣል? የመጨረሻውን በየት በኩል ያልፈዋል? ልክ እንደዚያው ያድርጉ። ማሳለፊያ ሲጠብብዎ ራጁን መሀሉ ላይ ለስለስ አድርጎ መለመጥ ይቻላል፣ መልሶ ይቃናል። ክርኑን ግን እንዳያጥፉት።

የኋላ ጎማ ቀኝ ጎን ከሆነ መጀመሪያ ፒኞኖቹ መነሳት አለባቸው። ለካሴት፣ ማለትም ሞዞው ላይ ተደርድረው ለሚገቡት ፒኞኖች፣ ጥርስ ያለው መፍቻና ፒኞኑን ይዞ የሚያቆም ባለ ካቴና መያዣ ያስፈልጋል፤ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገባው አሮጌው ዓይነት የራሱ መፍቻ አለው። በካቻቢቴና በመዶሻ የሚታገሉ ሰዎች መጨረሻ ላይ ሞዞውንም ይገዛሉ።

አሮጌው ዳዶ ደህና ከሆነ አየሩን ካስወጡ በኋላ ቁራጩን በፒንሳ ፈትተው አዲሱን እዚያው ላይ መጠምዘዝ ይቻላል፤ ኮፐርቶኑን ማውለቅ አያስፈልግም። ቸርኬው ድርብ ግድግዳ ያለው ከሆነ ዳዶውን ወደ ውስጥ አይግፉት፣ እዚያ ከወደቀ ማውጣቱ ሌላ ሥራ ነው። ዳዶው የሚቀየር ከሆነ ኮፐርቶኑን፣ ካላማዳሪውንና የቸርኬውን ሽፋን ማንሳት ግድ ነው። ጥርሱ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉ።

አሁን መንገድ ላይ ያላሏቸውን ሁለት ራጆች ባላሉት ልክ መልሰው ያጥብቁ። ቀጥሎ አዲሱን ብቻ፣ በጣት ሲመታ በዚያው ጎን ካሉት ጋር የሚቀራረብ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ። ሌሎቹ ከመበጠሱ በፊት በቦታቸው ስለነበሩ ብዙ ጊዜ ቸርኬው በዚህ ብቻ ይቃናል። ወደ ቀኝ የወጣ ቦታ ከቀረ እዚያው አካባቢ ወደ ግራ የሚሄዱትን ሩብ ዙር ያጥብቁ፣ ወደ ቀኝ የሚሄዱትን ያንኑ ያህል ያላሉ። ከሩብ ዙር በላይ በአንድ ጊዜ አይሂዱ፤ እያዞሩ ይመልከቱ። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይበቃል፤ ከዚያ በታች ማሳደድ ትዕግሥት መፈተን ነው።

«የዳዶውን ቁልፍ ወዴት ባዞር ነው የሚጠብቀው? ሁልጊዜ ይምታታብኛል።»

ከኮፐርቶኑ በኩል፣ በዳዶው ጭንቅላት አቅጣጫ ሲያዩት በሰዓት አቅጣጫ ማዞር ያጠብቃል። ከሞዞው በኩል ሲያዩት ግን ተገላቢጦሽ ይመስላል፤ የሚያምታታው እሱ ነው። ቁልፉ በልኩ ይሁን፣ 3.23 እና 3.45 ሚሊ ሜትር የሆኑ ዳዶዎች አሉ፤ ሰፊ ቁልፍ ማዕዘኑን ይበላዋል።

«አቃንቼው ስነዳው ጢቅ ጢቅ ብሎ ተመልሶ ተጣመመ።»

ዳዶውን ሲያዞሩ ራጁም አብሮ ተጠምዝዞ ነበር፤ ክብደት ሲያርፍበት ተፈታ። ራጁ ላይ ትንሽ ፕላስተር እንደ ባንዲራ ቢለጥፉ ሲጠመዘዝ በዓይንዎ ያዩታል። ከሚፈልጉት ትንሽ አሳልፈው አጥብቀው ትርፉን ይመልሱ። ሲጨርሱ ጓንት አድርገው ትይዩ የሆኑትን ራጆች ጥንድ ጥንድ እያደረጉ በእጅዎ ጠበቅ አድርገው ይጭመቁ፣ ጎማውን በሙሉ ይዙሩ፣ ከዚያ እንደገና ያቃኑ።

«አንዱን ስቀይር ሌላው ይበጠሳል። አሁን ሦስተኛው ነው።»

በአንድ ጎን ሦስት ከተበጠሱ የቀሩትም ያንኑ ያህል ደክመዋል። የዚያን ጎን ራጆች በሙሉ ይቀይሩ። አንድ በአንድ መተካት ገንዘብ የሚቆጥብ ይመስላል፣ አይቆጥብም። በዚያው ውጥረቱ ይስተካከል፤ በኋላ ጎማ ቀኝ ጎን ከ100 እስከ 120 ኪሎ ኃይል የተለመደ ነው፣ ግራው ከዚያ ግማሽ ወይም ጥቂት የሚበልጥ ይሆናል።

«ዳዶው ዝጎ አልዞር አለ።»

ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ራጁ በሚገባበትም በቸርኬው በኩልም ጠብ አድርገው ያሳድሩት። ከዚያም ራጁን በፒንሳ ይዘው ይሞክሩ፤ ካልያዙት ከዳዶው ጋር ተጠምዝዞ ይበጠሳል። ካልሆነ ይቆረጣል። የተወጠረ ራጅ ሲቆረጥ ዳዶው ወደ ውጭ ስለሚፈናጠር ኮፐርቶኑንና ካላማዳሪውን ቀድመው ያውልቁ፣ ቸርኬውን በጨርቅ ይሸፍኑ፣ ፊትዎን ከዚያ መስመር ያርቁ።