«ፕሮቶታይፕ ናት» ካለህ፣ ወረቀቷ የታለ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የምኖረው ዴንቨር ነው። ተጣጣፊ የኪስ ሰንጢ መሰብሰብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። (ባለቤቴ «ሰንጢ የሚይዘው ዱርዬ ነው» እያለች ትስቅብኛለች፤ እሱን ተዉት።) ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰውዬ ስለቷ ላይ ምንም ጽሑፍ የሌላት ሰንጢ አሳየኝ። «ፋብሪካው ማምረት ሳይጀምር የሠራት ፕሮቶታይፕ ናት፣ በዓለም ላይ ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው» ብሎ 600 ዶላር ጠየቀኝ። መደበኛዋ ሱቅ ውስጥ 150 ዶላር ናት። ልግዛት ወይስ ልተዋት?
ኬ.፣ ከዴንቨር

መልስ፦ ወንድሜ፣ እስካሁን ካልከፈልክ እጅህን ሰብስብ።

ፕሮቶታይፕ ማለት የሙከራ ሰንጢ ነው። ፋብሪካው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ማምረት ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ይሠራና ይፈትሻል። እጀታው እጅ ውስጥ ይመቻል? በአንድ እጅ ይከፈታል? መቆለፊያው ይይዛል ወይስ ጣት ላይ ይታጠፋል? አንዳንዷ ሆን ተብሎ እስክትሰበር ትፈተናለች። የተረፉት ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ውስጥ ወይም የንድፍ አውጪው መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ አንዷ ገበያ ላይ ብቅ ስትል ከአንድ ሰው እጅ ነው የወጣችው፣ ያ ሰው ደግሞ ስም አለው። ሰውዬህ ከማን እንዳገኛት ነገረህ? ደብዳቤህ ላይ የለም።

ጽሑፍ የለባትም ማለት ደግሞ ፕሮቶታይፕ ናት ማለት አይደለም። እንከን ተገኝቶባት በቅናሽ የተሸጠች ልትሆን ትችላለች። አንዱ ሠራተኛ ከተራረፈ ዕቃ ገጣጥሟት ይሆናል። ከሁሉም የሚብሰው ግን የታወቀ ሰንጢ አስመስለው የሠሯት ፎርጅድ ሆና ማርኳ ተፍቆ ከሆነ ነው፤ ያኔ 600 ዶላርህ ቀርቶ 60ውም ያሳዝናል። «ሦስት ብቻ» የምትለዋም ነገር አታማልልህ። እኔም ጓሮዬ ቁጭ ብዬ በሞረድ የፈገፈግኳት ሰንጢ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ናት፣ ማንም ግን አይገዛኝም።

እውነተኛ ፕሮቶታይፕ ምን እንደሚመስል ላሳይህ። ሠሪው ቲም ሌዘርማን የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከባለቤቱ ጋር አውሮፓን በአሮጌ ፊያት ሲዞር መኪናዋ በየመንገዱ ትበላሽበታለች። ኪሱ ውስጥ ያለው የስካውት ሰንጢ ብቻ ነው፤ ፒንሳ የለውም። አሜሪካ ሲመለስ ሰንጢና ፒንሳ አንድ ላይ የያዘ ዕቃ ለመሥራት ዓመታት ፈጀ፤ ያንን የሙከራ ሥራ «ሚስተር ክራንች» አለው። ለገበያ የቀረበው የተሻሻለው ሞዴል ነው፣ በ1983። አየህ፣ ማን ሠራው፣ መቼ፣ ለምን፣ ቀጥሎስ ምን ተለወጠ የሚለው ሁሉ ይታወቃል። ሰብሳቢ ጨምሮ የሚከፍለው ለዚህ ታሪክ ነው፣ ብረቱማ ያው ብረት ነው።

እውነተኛዎቹም ቢሆኑ እኩል አይደሉም። ከመደበኛዋ ጋር ቁርጥ አንድ የሆነችው የምትጨምረው ትንሽ ነው። ዋጋ ያላት ኋላ የተለወጠ ነገር የሚታይባት ናት፤ ኪስ ላይ የምትንጠለጠልበት ቅንጥቧ ሌላ ቦታ የተገጠመች፣ ብረቷ ሌላ የሆነ፣ መቆለፊያዋ ተሞክሮ የተተወ። ጭራሽ ወደ ምርት ያልገባችዋ ደግሞ ግራ ታጋባለች፤ ብርቅ ናት፣ ግን ሞዴሏን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ገዢ ፍለጋ ትንከራተታለህ።

ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። መደበኛ ምርት ብዙ ጊዜ የልደት ካርዱን ይዞ ነው የሚወለደው። የፔንሲልቬንያው ሰንጢ ሠሪ ኬስ በ1970 ከስለቱ ሥር ባለው ማኅተም ላይ 10 ነጥብ መምታት ጀመረ፤ በየዓመቱ አንድ እየቀነሰ 1979 ላይ አንድ ነጥብ ቀረ። በ1980 የፊደሉን ቅርጽ ቀየረና እንደገና ከ10 ጀመረ። ነጥብ መቁጠር የሚችል ሁሉ ዕድሜዋን ያውቃል፣ ለመከራከር ቦታ የለም። ባክ የሚባለው ሰንጢ ሠሪም ከ1986 ጀምሮ ለየዓመቱ ምልክት ያደርጋል። ስለዚህ ያልተሳለች፣ ከነካርቶኗና ከነወረቀቷ ያለች የድሮ መደበኛ ሰንጢ፣ ማንነቷ ካልታወቀ «ፕሮቶታይፕ» ብዙ ጊዜ የተሻለ ዋጋ ታወጣለች። ለመሸጥም አትቸገርም።

አንተ ደግሞ ዴንቨር ሆነህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም። ሰንጢ ሠሪው ስፓይደርኮ ያለው ጎልደን ከተማ ነው፣ አጠገብህ። በ1981 ያወጧት የመጀመሪያዋ ተጣጣፊ ሰንጢያቸው በስለቷ ላይ ክብ ቀዳዳ፣ በጎኗ ደግሞ ኪስ ላይ የምትንጠለጠልበት ቅንጥብ ነበራት። ዛሬ ሱቅ ገብተህ ከምታያቸው ተጣጣፊ ሰንጢዎች ብዙዎቹ ቅንጥብ አላቸው። ያቺ የመጀመሪያ ዙር ሰንጢ ፕሮቶታይፕ አይደለችም፣ ለሽያጭ የተሠራች ናት። ሰብሳቢ ግን ይፈልጋታል።

እንግዲህ ሰውዬውን ሦስት ነገር ጠይቀው። ከማን አገኛት? ከፋብሪካው ወይም ከንድፍ አውጪው ደብዳቤ፣ ኢሜይል፣ የድሮ ፎቶ አላት? ፎቶ አንስተህ ለፋብሪካው ብትልክ ይቃወማል? ሦስተኛው ላይ ፊቱ ከተለወጠ መልስህን አገኘህ። ዋጋ ስታጣራም ሻጮች የሚጠሩትን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን እይ፤ 600 መጥራት ማንም ይችላል። ቆንጆ ሆና ልብህ ከከጀለቻት ግን መደበኛዋ በምትሸጥበት 150 ተደራደርና ሽንኩርት ክተፍባት።

ጥያቄ፦ አባባ ትተውልኝ ያለፉት ቀይ የስዊስ ሰንጢ አለ። ወንድሜ «አንቲክ ነው፣ ብዙ ያወጣል» ይላል። ትንሽ ስለዛገ አስወልውዬ ልሽጠው?
ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። መወልወሉን ተይው። በማሽን የተፈተገ ስለት ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል፣ ማኅተሙም ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ ከስለቱ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። የቪክቶሪኖክስ ኩባንያ መሥራች ካርል ኤልዘነር ስዊዘርላንድ ውስጥ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው፣ የመኮንኖች ሰንጢ የሚባለውን ያስመዘገበው ደግሞ በ1897። «ቪክቶሪኖክስ» የሚለው ስም የመጣው የማይዝገው ብረት ከገባ በኋላ፣ በ1921 ነው። ጽሑፉ የቀድሞውን ስም «ቪክቶሪያ» ብቻ የሚል ከሆነ ወንድምሽ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ፎቶውን ላኪልን። ቪክቶሪኖክስ ከሆነ ግን በሚሊዮኖች ከተሠሩት አንዱ ነው፤ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቢው፣ በደንብ አድርቂው፣ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጊና ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው። አውሮፕላን ስትሳፈሪ ብቻ ከእጅ ሻንጣሽ አውጪው፣ ፍተሻ ላይ ይወስዱብሻል።