ካውያው ከጋለበት ጀምሩ

ልጆቼ፣

ጎንደር ውስጥ 31 ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁንም የወጣቶች የአጭር ልብ ወለድ ውድድር ሲዘጋጅ "ያንብቡልን" እያሉ ይጠሩኛል። ደስ እያለኝ እሄዳለሁ። ታዲያ ስወጣ በር ላይ ጠብቆ የሚይዘኝ ልጅ አይጠፋም። የሚለኝም ሁሌ አንድ ነው። "500 ቃል ምን ሊያክል? ታሪኬን እኮ አስቆረጡኝ!"

ንዴቱ ይገባኛል። በወጣትነቴ ለአንድ መጽሔት ታሪክ ልኬ ነበር። የጠየቁት 1,500 ቃል ነው። እኔ የላክሁት 4,000 ገደማ። ታትሞ ሳየው መጨረሻው የለም። ቦታው ሲሞላባቸው ከታች ቆርጠውታል። ሁለት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ። እኔ ያልቆረጥኩትን ሌላ ሰው ቆረጠው። ሌላ ሰው ደግሞ የታሪኬ ልብ የት እንዳለ በምን ያውቃል?

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ያመጣችልኝን ታሪክ ላጫውታችሁ። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሄዶ ድምፁ ስለጠፋ ወንድም ነው። የጻፈችው ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ነበር። በእረፍት ሰዓት ስለሚነበብ ገደቡ 500 ቃል ነው። እሷ 1,900 ይዛ መጣች።

እንዲህ ይጀምራል። "ወንድሜ አዘዞ በሚባል ሰፈር ተወለደ። በልጅነቱ በጣም ጎበዝ ተማሪ ነበር።" ከዚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱ አለ። የአባታቸው ሞት አለ። ሥራ ፍለጋው አለ። ደላላው አለ። አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ቆም አልኩ። የከተራ ዕለት ጠዋት ነው። እናትየው ከሰል አቀጣጥላ፣ ካውያውን አግላ፣ የልጇን ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ልጁ በየዓመቱ ጥር 10 ያንን ሸሚዝ ለብሶ፣ ታቦቱን አጅቦ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይወርድ ነበር። ዘንድሮ ልጁ የለም። እሷ ግን ትተኩሳለች። ይህን የሚያህል ነገር የተጻፈው በሦስት መስመር ብቻ ነው።

"ታሪክሽ ይሄ ነው። ከካውያው ጀምሪ" አልኳት።

"ቲቸር፣ ሌላውን ሁሉ ካወጣሁት ወንድሜን ማን ያውቀዋል?" እንባዋ መጣ።

ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሰውን ለማሳወቅ ከውልደቱ መነሳት አለብን ብለን እናምናለን። ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ "ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት" ተብሎ ነው የሚጀመረው። ስንጽፍም ያው ልማድ ይከተለናል። ለቀብር ተገቢ ነው። የ500 ቃል ታሪክ ግን የሚሸከመው አንድ ጠዋት ነው። ሁለት ሰው፣ አንድ ቤት፣ የጋለ ካውያ። አንባቢው ያንን ሸሚዝ ካየ ልጁን ያውቀዋል።

1,900ን 500 ለማድረግ ከየዓረፍተ ነገሩ ቃል ስትለቅሙ ብትውሉ አትደርሱም። ብዙ ሰው "ቅጽል አውጡ" እያለ ይመክራል። ቅጽል ቢወጣ ስንት ይቀንሳል? እኔ መጀመሪያ ጊዜውን አሳጥሩ እላለሁ። 20 ዓመት የሚፈጀውን ነገር ወደ አንድ ጠዋት አምጡት። ከቀረው ውስጥ የግድ የሚያስፈልግ ካለ በአንድ ሐረግ ይገባል። ተማሪዬ አራቱን ገጽ "የመተማ አውቶቡስ ከወሰደው ሁለተኛ ከተራው ነው" ብላ ጨመቀችው። መተማ ሲባል የጎንደር ሰው ሌላውን ራሱ ይሞላዋል። ደላላው ስሙ ሳይነሳ እዚያ አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዓረፍተ ነገር የሚገባው። አንዱን ላሳያችሁ። "እናቴ በልጇ መጥፋት ምክንያት ከፍተኛ ሐዘን ውስጥ ገብታ ሌሊትና ቀን ታለቅስ ነበር" ብላ ነበር። 12 ቃል ነው። ሦስት ቀን ታገለችውና "እናቴ ኮሌታውን ሁለት ጊዜ ተኮሰችው" ብላ መጣች። 5 ቃል። ሐዘን የሚል ቃል የለበትም። እኔ ግን የመጀመሪያውን ሳነብ ምንም አልሆንኩም፣ ሁለተኛውን ሳነብ መነጽሬን አወለቅሁ። ስትቆርጡ ማብራሪያውን ቁረጡ። ከሰሉን፣ ኮሌታውን፣ የአውቶቡሱን ስም አትንኩብኝ። ብዙ ልጆች ግልባጩን ያደርጋሉ። ዕቃውን ያወጡና ስሜቱን ይተዋሉ።

ደግሞ እኛ ጎንደር ላይ ተቀምጠን ገደብ ጥበብን ያንቃል ማለት አያምርብንም። በየደብሩ የቅኔ ተማሪ ያደገበት አገር ነው። ቅኔ ማበጀትን ሊቃውንቱ ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ? ቆጠራ። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ጫካ ጥግ ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል። ጀማሪው የሚነሳው ከትንሿ የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ናት። ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ይሆናል። እንዲህ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ጉባኤ ቃና ጠበበኝና ሦስተኛ ቤት ይጨመርልኝ ያለ ተማሪ ሰምቼ አላውቅም። ሐሳቡ አልገባ ካለው ሐሳቡን ይለውጣል። ሰሙና ወርቁ አንድ ቃል ውስጥ የሚዋደዱትም ቦታው ጠባብ ስለሆነ ይመስለኛል።

አማርኛችንም ያግዛችኋል። "ስላልነገረቻቸው" በሉ። አንድ ቃል ነው። ሴት መሆኗ፣ ያልተነገራቸው ሰዎች ብዙ ወይም አንቱ መሆናቸው፣ አለመንገሯ፣ ምክንያትነቱ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ ይህንኑ ለማለት ስድስት ቃል ይፈልጋል። ፈረንጆቹ ድራብል የሚሉት ልክ 100 ቃል የሆነ ታሪክ አላቸው። ቁጥሩን እንዳለ ብንወስደው እንኳ የእኛ ቤት ከእነሱ ይሰፋል። ስለዚህ 500 ቃል ሲሰጣችሁ ተቀነሰብን አትበሉ።

ስለ ኮምፒውተር ቆጠራም አንድ ነገር ልበል፤ ልጆች ሲጎዱበት አይቻለሁና። ድሮ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነበር። ዛሬ የሚለየው ባዶ ቦታ ነው፤ ማሽኑም የሚቆጥረው በባዶ ቦታው ነው። ብዙዎቻችሁ ከአራት ነጥብ በፊት ስፔስ ትመታላችሁ። ያን ጊዜ አራት ነጥቡ ራሱ እንደ ቃል ይቆጠራል። 60 ዓረፍተ ነገር ካላችሁ 60 ቃል በከንቱ ሄደ ማለት ነው። አራት ነጥቡን ከቃሉ ጋር አጣብቁት። ቤተ ክርስቲያንን፣ ልብ ወለድን እያጣበቁ ቃል መስረቅን ግን ተዉት። ዳኛ ያየዋል፣ ያዝናልም። ርእሱ ከቆጠራው ውስጥ ይግባ አይግባ ደግሞ ሳትጀምሩ ጠይቁ።

ስትጽፉ ግን አትቁጠሩ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ልቅ አድርጉት፣ ይርዘም። ከዚያ አሳድሩት። በማግስቱ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ምላሳችሁ የሰነፈበት ቦታ የሚቆረጥ ቦታ ነው። "ነበር"ን ለቅማችሁ አውጡ፤ ግማሹ ሳይታወቅ ይሄዳል። የመጀመሪያውን አንቀጽ በእጃችሁ ሸፍናችሁ ከሁለተኛው ጀምራችሁ ሞክሩት። አሥር ታሪክ ካነበብኩ ስምንቱ እዚያ ነው የሚጀምረው። መጨረሻ ላይ "ከእንቅልፌ ባነንኩ" የሚለውንም እባካችሁ አቁሙልኝ። አንባቢው አምኗችሁ አልቅሷል፤ እንባውን አትቀሙት።

ተማሪዬ በመጨረሻ 492 ቃል ላይ ቆመች። "ቲቸር፣ 8 ቃል ተረፈኝ። ልተወው?" አለችኝ። ብትተወውም ምንም አልነበረም። አስቢበት አልኳት። ዓርብ ጠዋት፣ ሚኒ ሚዲያው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ እየሮጠች መጣች። ሸሚዙ ላይ አንድ መስመር ጨምራለች። ቆሜ አነበብኩት።

"የሦስተኛዋ ቁልፍ ክር ጥቁር ነው፤ ነጭ ክር አልነበረንም።"