ሞተር ይዞ ድንበር ለሚሻገር፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ? ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይበዛል። አይገርምም። አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ ላይ የሞተር እንቅስቃሴ ከተገደበ ወዲህ መሃል ከተማው ሌላ፣ ዙሪያው ሌላ ሆኗል፤ እኛ ሰፈር ያለ ሞተር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም ማለት ይቻላል። አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ከአገር ውጭ ማየት ጀምራችኋል። ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ ታርጋችሁ የኢትዮጵያ ቢሆንም ድንበሩን ካለፋችሁ የምትዳኙት በዚያ አገር ሕግ ነው። “እኛ ጋ አይጠየቅም” ብትሉ የሚሰማችሁ የለም።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በሞተር ናይሮቢ ደርሰን ልንመለስ አስበናል። ጥሩ ሄልሜት አለኝ። ሌላ በሕግ የምጠየቀው ነገር አለ? (ከሰበታ)

ላንተ ሄልሜት አለህ፤ ለባለቤትህስ? ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ስለ እሷ ሄልሜት ግን ምንም አላልክም። የኬንያ የትራፊክ ሕግ ነጂውም የተፈናጠጠውም ሰው ሄልሜት እንዲያደርጉና አንጸባራቂ ጃኬት እንዲለብሱ ያስገድዳል። ከአንድ ሰው በላይ ማፈናጠጥም አይፈቀድም። ስለዚህ ሁለት ሄልሜት፣ ሁለት ጃኬት። የእሷ ሄልሜት ደግሞ በራሷ ልክ የተገዛ ይሁን እንጂ አንተ የጣልከው አሮጌ አይሁን፤ ወድቃችሁ እንደሆነ አስፋልቱ ማን ነጂ፣ ማን ተሳፋሪ እንደሆነ አይለይም።

ጃኬቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ጀርባ ላይ ትልቅ ቦርሳ ካዘላችሁበት አንጸባራቂው ይሸፈናል፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና አያየውም። ዕቃችሁን ሞተሩ ላይ እሰሩና ጃኬቱ ከሁሉ በላይ የሚለበስ ይሁን።

ሌላው ትልቁ ጉዳይ ሞያሌ ላይ ነው። እኛ በቀኝ እንነዳለን፣ ኬንያ በግራ። ድንበሩ ላይ ጥንቃቄ አይጠፋም፣ ሁሉም ሰው ያኔ ነቅቶ ነው የሚነዳው። የሚያስፈራው በማግስቱ ነው። ማርሳቢት አድረህ፣ ጠዋት ነዳጅ ቀድተህ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ ስትወጣ እጅህ በልማድ ወደ ቀኝ ይወስድሃል። ባለቤትህ ከማደያም ከምሳ ቤትም በወጣችሁ ቁጥር “በግራ!” ብላ እንድታስታውስህ ተነጋገሩ። የፊት መብራትህንም አስተካክል። በቀኝ ለሚነዳ የተሠራ አጭር መብራት ብዙ ጊዜ ጨረሩን ወደ ቀኝ ጠርዝ ከፍ አድርጎ ይረጫል፤ በግራ ስትነዳ ያ ጨረር በቀጥታ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። መካኒክ ዝቅ ያድርግልህ፣ ወይም መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ መከለያ አድርግ።

የመጨረሻው ፌስታል ነው። አዎ፣ ፌስታል። ዝናብ እንዳያገኘው ብለን ልብሳችንን በፌስታል ጠቅልለን ቦርሳ ውስጥ የመክተት ልማድ አለን። ኬንያ ግን ከ2009 ዓ.ም ነሐሴ (በፈረንጆቹ 2017) ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች። ቅጣቱም ቀላል አይደለም፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ሺልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስር ሊደርስ ይችላል። ታንዛንያም በፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ ተመሳሳይ ክልከላ አላት። ውኃ የማያስገባ የሸራ ቦርሳ ግዙና ፌስታሉን እቤት ተዉት። መንገዱን በተመለከተ፣ ከዓለም ገና በቡታጅራ ወጥታችሁ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎ አድርጋችሁ ሞያሌ ትደርሳላችሁ።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሴ አልተቃጠለም። ጅቡቲ ወይም ኬንያ ይሠራልኛል? (ከለገጣፎ)

አይሠራልህም። እዚህ በ799/2005 አዋጅ መሠረት የገባኸው የሦስተኛ ወገን መድን ድንበሩ ላይ ያበቃል። የሚያስፈልግህ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ነው። እሱን የሚሰጥህ እዚሁ አገር ያለ የኢንሹራንስ ኩባንያ ነው፤ ያለህን መድን መሠረት አድርጎ በተጨማሪ ክፍያ ያወጣልሃል። ኬንያም ጅቡቲም ይሠራል፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳም እንዲሁ። ታንዛንያ የኮሜሳ አባል ባትሆንም በካርዱ ሥርዓት ውስጥ ስላለች እዚያም ያገለግልሃል። ሲሰጡህ የምታልፍባቸውን አገሮች ሁሉ ንገራቸውና ካርዱ ላይ መካተታቸውን ቆመህ አረጋግጥ። ደግሞ ካርዱ የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የምታደርሰውን ጉዳትና አደጋ ሲደርስ የሚወጣውን የሕክምና ወጪ ነው እንጂ የራስህን ሞተር ጥገና አይደለም። ከቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ጋር እንዳይምታታብህ፤ እሱ የጤና ነው፣ እሱንም ያዝ።

ጥያቄ፦ መርካቶ የገዛሁት ሄልሜት ከኋላው የዶት ተለጣፊ አለው። በጋ ላይ ፈረንሳይ ላለ ጓደኛዬ ጋ ስሄድ ይዤው ልሂድ? ፖሊስ ይቀበለዋል? (ከቡራዩ)

ሄልሜቱን አሁን አምጣና ጭንህ ላይ ገልብጠህ አስቀምጠው። አገጭ ላይ የሚታሰረውን ማሰሪያ ተከተል፤ አንድ ትንሽ ነጭ ጨርቅ ተሰፍቶበት ታገኛለህ፣ ወይም አታገኝም። ካገኘህ፣ በክብ ውስጥ የላቲኑ “ኢ” (E) ፊደል ተጽፎ አጠገቡ ቁጥር አለ። ቁጥሩ የፈቀደውን አገር ይነግርሃል፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን ነው። ከሥሩ ያለው ረጅም ቁጥር በ05 ወይም በ06 ከጀመረ ሄልሜቱ የአውሮፓውን መለኪያ ያለፈ ነው፤ 06 አዲሱ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ “ፒ” ካለ አገጭህንም ይጠብቃል ማለት ነው፣ “ጄ” ካለ ፊቱ ክፍት የሆነ ዓይነት ነው።

ዶት የአሜሪካን መለኪያ ነው፤ ፈረንሳይ የምትጠይቀው የአውሮፓውን ነው። ከኋላ የሚለጠፈውን የዶት ምልክት ደግሞ ማንም አትሞ ሊለጥፈው ይችላል፤ በእሱ ብቻ ሄልሜት አትግዛ፣ ለአገር ውስጥም ቢሆን። ያንተ ማሰሪያው ላይ ጨርቁ ከሌለ እዚያው ደርሰህ ግዛ። በነገራችን ላይ ፈረንሳይ ሄልሜቱ ላይ አንጸባራቂ ተለጣፊም ትጠይቃለች።

ጥያቄ፦ ልጄ በሞተር ኬንያ እሄዳለሁ ብሎ ተነስቷል። ለምኜው እምቢ አለኝ። ቢያንስ የሚያስፈልገውን ልግዛለት፣ ምን ልግዛ? (አንዲት እናት፣ ከሆለታ)

እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ገንዘብዎን መጀመሪያ ሄልሜት ላይ ያውሉት፣ ሌላው ሁሉ በኋላ ይደርሳል። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ምርመራ ሄልሜት የመሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ግን እርስዎ ብቻዎን ሄደው አይግዙለት። ልጅዎን ይዘውት ይሂዱና ያጥልቀው፣ ያንቀሳቅሰው። ጉንጩን ጨመቅ ሊያደርገው ይገባል፤ ሄልሜቱ ግራና ቀኝ ሲዞር የፊቱ ቆዳ አብሮ ካልዞረ ሰፍቶታል ማለት ነው። ወድቆ የሚያውቅ ሄልሜት በርካሽ ቢያገኙም ይተዉት፤ ውስጡ ያለው አረፋ አንዴ ከተመታ ሁለተኛ አይጠብቅም።

ከዚያ ሁለት አንጸባራቂ ጃኬት፣ አንዱ መንገድ ላይ ለሚያፈናጥጠው ሰው። ከተረፈዎት ጠንካራ ጓንትና ፋሻ፣ ጎዝ፣ ፕላስተር ያለበት ትንሽ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ይጨምሩበት፤ ማንም ባይጠይቀው እንኳ ከያቤሎ እስከ ሞያሌ ያለው ወደ 200 ኪሎ ሜትር መንገድ ጭር ያለ ነው።

ጥያቄ፦ ሙኒክ ያለው የአክስቴ ልጅ ሞተር ተከራይተን ከጀርመን በኦስትሪያ፣ በስዊዘርላንድ አድርገን ፈረንሳይ እንድንዞር ጋብዞኛል። ሁሉም ቦታ የሚጠየቀው አንድ ዓይነት ነው? (ከሱሉልታ)

አይደለም፣ ችግሩም እሱ ነው። ጀርመን ለሞተረኛ ቀላል ናት፤ ሄልሜት ግዴታ ነው፣ አንጸባራቂ ሰደርያና ሦስት ማዕዘን ምልክት መያዝ ግን ለመኪና እንጂ ለሞተር አይደለም። ኦስትሪያ ስትገባ ሞተረኛም የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ የመያዝ ግዴታ አለበት። የኦስትሪያም የስዊዘርላንድም ፈጣን መንገድ ለሞተርም የክፍያ ተለጣፊ ይጠይቃል። ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ስልክህ የፍጥነት ካሜራ የት እንዳለ እንዲያስጠነቅቅህ ማድረግ ክልክል ነው፤ ከመግባትህ በፊት አጥፋው።

ፈረንሳይ ከሁሉም ጠበቅ ትላለች። በፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ ነጂውም የተፈናጠጠውም የሲኢ (CE) ምልክት፣ ማለትም የአውሮፓን የዕቃ ደረጃ ማሟላቱን የሚያሳይ ምልክት፣ ያለበት ጓንት ማድረግ አለባቸው፤ ካላደረጋችሁ 68 ዩሮ ቅጣት አለ። አንጸባራቂ ሰደርያም መያዝ ግዴታ ነው፤ ከመቀመጫው ሥር ቀብረኸው ሳይሆን እጅህ የሚደርስበት ቦታ፣ ምክንያቱም ሞተሩ ተበላሽቶ መንገድ ዳር ስትቆም ወዲያው መልበስ ይጠበቅብሃል። ወደ ቤልጂየም ዘለቅ ካላችሁ ጓንት፣ እጀ ረጅም ጃኬት፣ ረጅም ሱሪና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ በሕግ ይጠየቃል። ስለዚህ ሕጓ ከሁሉ ጠበቅ ያለውን አገር ልክ ለብሳችሁ ከሙኒክ ውጡ፣ ሌላው ቦታ አያንሳችሁም።

መንጃ ፈቃድህ ላይ ሞተር መኖሩን ደግሞ አሁኑኑ እይ። የአውሮፓው አከራይ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ይዘህ ብትቀርብ ሞተር አይሰጥህም። ዓለም አቀፉ መንጃ ፈቃድም ብቻውን አይሠራም፤ የአገር ቤቱን አብረህ ያዝ፣ የሞተር ምድቡ ላይ ማኅተም መኖሩንም አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ፈረንሳይ ሞተረኛ የአልኮል መመርመሪያ መያዝ አለበት የሚባለው እውነት ነው? (ይኸው ሰው)

ድሮ ነበር። በፈረንጆቹ 2012 ተደንግጎ፣ ቅጣት ሳይኖረው ቆይቶ፣ በ2020 ተሰርዟል። አትግዛ።

ጥያቄ፦ ሞተሩ በወንድሜ ስም ነው። ይዤው ብወጣ ችግር አለው? (ከዱከም)

ያለ ወረቀት ከወጣህ አለው። ከወንድምህ ጋር ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ውክልና ይስጥህ፤ ውክልናው ሞተሩን ከአገር ይዞ መውጣትና መመለስን በግልጽ ይጥቀስ፣ የታርጋና የሻንሲ ቁጥሩም ይግባበት። በእንግሊዝኛ አስተርጉመህ አስረጋግጠው። ዋናውን ሊብሬ ያዝ፣ ፎቶ ኮፒ ብቻ አይበቃም። ቦሎውም ያልተቃጠለ ይሁን። ጉምሩክ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ በትክክል መጻፉን ራስህ አስተያይ፣ አንዲት ቁጥር ብትሳሳት ስትመለስ መከራህን ታያለህ። የገባህበት አገር በጊዜያዊነት የሰጠህን ፈቃድ ደግሞ ስትወጣ ማኅተም አስደርገህ ዝጋው፤ ካልተዘጋ ሞተሩን እዚያ እንደሸጥከው ተቆጥሮ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል።