የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቱርቦ ለተገጠመለት ሞተር ስንት ሲሲ ኢንጀክተር?

ጥያቄ፦ ባለ 1.6 ሊትርና ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ቶዮታ አለችኝ። ከፋብሪካ ስትወጣ 110 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነበራት። ከጥቂት ወራት በፊት ያገለገለ ቱርቦ አስገጥሜላታለሁ፤ ግፊቱ ከአካባቢው አየር በላይ 0.6 ባር ሲሆን፣ ዓላማዬ 180 የፈረስ ጉልበት ማግኘት ነው። ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮች የድሮዎቹ ናቸው፤ በመፈተሻ ማሽን ሲለኩ እያንዳንዳቸው በ3 ባር ግፊት በደቂቃ 240 ሲሲ ያፈስሳሉ። ከተማ ውስጥ ችግር የለባትም። ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ለመቅደም ስረግጣት ግን ሞተሩ በደቂቃ ከ4,500 ዙር ሲያልፍ ጉልበቷ ይደክማል፣ ሞተሩም ይንኳኳል። መለዋወጫ ሻጩ 1,000 ሲሲ ግጠም ይለኛል፤ መካኒኬ ደግሞ የድሮዎቹ ይበቃሉ ባይ ነው። የማንኛቸውን ልስማ?
አንባቢ፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሜ አደራ የምልዎ፣ ችግሩ እስኪስተካከል ድረስ መኪናዋን እስከ መጨረሻ አይርገጧት። የነገሩኝ ምልክት ነዳጅ ያነሰበት ሞተር ምልክት ነው። ቱርቦው አየሩን እየጨመረ ቤንዚኑ ካልተከተለው ቃጠሎው ከመጠን በላይ ይግላል፣ ድብልቁም ያለጊዜው ይፈነዳል፤ በዚህ ሁኔታ ፒስተን ለመብሳት ጥቂት ሴኮንድ ይበቃል። ካንዴላዎቹን አስፈትተው ይመልከቷቸው፤ ነጩ ሸክላ አመድ መስሎ ከነጣ ወይም ጥቃቅን የብረት ነጠብጣብ ከታየበት ጉዳቱ ጀምሯል ማለት ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ኃይል ሲሠራ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 6.3 ሲሲ ገደማ ቤንዚን ይፈልጋል፤ ቱርቦ የሌለው 5.25 ሲሲ ያህል ይበቃዋል። ኢንጀክተሩ ደግሞ ያለማቋረጥ ተከፍቶ እንዲሠራ አይታሰብም። በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ አንድ ሙሉ የሥራ ዑደት (የሞተሩ 2 ዙር) 20 ሚሊሴኮንድ ብቻ ስለሚፈጅ፣ ከዚህ ውስጥ ከ16 ሚሊሴኮንድ በላይ፣ ማለትም ከ80 በመቶ በላይ፣ ክፍት ባይሆን ይመረጣል። በዚህ መሠረት የእርስዎ 4 ኢንጀክተሮች በድምሩ የሚያፈስሱት 960 ሲሲ ሲሆን፣ 80 በመቶው 768 ሲሲ ነው፤ ይህም ለ6.3 ሲካፈል ከ122 የፈረስ ጉልበት አይበልጥም። የመካኒክዎ አስተያየት እዚህ ላይ ይወድቃል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያሰበበት ምክንያት ይገባኛል፦ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ5 እጅ አንድ እጅ ያህል ስለሚያንስ፣ ያ ባለ 110 ጉልበት ሞተር ቱርቦ ሳይገባለት እዚህ የሚሰጠው 90 ያህል ነበር፤ ኢንጀክተሮቹም ሰፊ ትርፍ ይዘው ኖረዋል። ቱርቦው ያንን ትርፍ በልቶ ጨርሶታል።

ለ180 ጉልበት የሚያስፈልገው በደቂቃ 1,134 ሲሲ ነው፤ ለ4 ሲካፈል 284፣ ከዚያም ለ0.8 ሲካፈል 354 ሲሲ ይሆናል። እዚህ ላይ እንዳያቆሙ ግን እለምንዎታለሁ፤ መኪናዋ ጣና ዳር ብቻ አትውልምና። የቱርቦው ግፊት የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ በመሆኑ፣ ባሕር ዳር ላይ 0.81 ባር ሲደመር 0.6 ባር፣ በድምሩ 1.41 ባር የሚያገኘው ሞተር፣ በጎንደር በኩል ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ 1.53 ባር ገደማ ያገኛል። የቆላው ሙቀት ከዚህ ጥቂት ቢቀንስለትም፣ የነዳጅ ፍላጎቱ እስከ 8 በመቶ ሊያድግ ይችላል ብሎ መዘጋጀት ይገባል። ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙም ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ያው ነገር በመጠኑ ይገጥምዎታል። ስለዚህ 354ቱ ወደ 383 ከፍ ይላል። ገበያ ላይ ከ390 እስከ 440 ሲሲ ያለውን ቢመርጡ ልክ ነው።

1,000 ሲሲውስ ለምን አይሆንም? ትልቅ ኢንጀክተር ከላይ የሚሰጠውን ከታች ይነሣል። ሞተርዎ በሚኒሞ (ሳይረገጥ) ሲሠራ በሰዓት 0.8 ሊትር ያህል ይበላል ብንል፣ ባለ 400 ሲሲው ኢንጀክተር በእያንዳንዱ ዑደት ቤንዚን የሚረጨው ለ1.25 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው፤ ባለ 1,000 ሲሲው ግን ለግማሽ ሚሊሴኮንድ ብቻ ይረጫል። የኢንጀክተሩ መርፌ ለመከፈት ብቻ 1 ሚሊሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ያን ያህል አጭር ርጭት ከዑደት ዑደት አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም። መብራትና ማራገቢያ ሲበራ ቮልቴጁ ዝቅ ይላል፣ መርፌው የባሰ ይዘገያል፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል ወይም ይጠፋል። ጠዋት ሲነሣ ካንዴላ የሚያርሰው፣ ቤንዚን የሚያባክነውና ዘይቱን የሚያቀጥነውም ይኸው ነው። በእኔ እምነት ለ180 ጉልበት 1,000 ሲሲ መሸጥ ደንበኛን መበደል ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የኮረንቲ ተቃውሞውን በመልቲሜትር ያስለኩ። የድሮዎቹ ከ12 እስከ 16 ኦም ከሆኑ አዲሶቹም እንደዚያው ይሁኑ፤ ከ2 እስከ 4 ኦም ያለውን በቀጥታ ማገናኘት የሞተሩን ኮምፒውተር ያቃጥላል። ያገለገለ ከገዙ 4ቱም ታጥበው በማሽን ተለክተው እርስ በርሳቸው እንዲቀራረቡ ያድርጉ፤ ከመካከላቸው አንዱ በ10 በመቶ ቢያንስ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በዚያው ሲሊንደር ላይ ነው። የነዳጅ ፓምፑም በ3.6 ባር (3 ባር ሲደመር የቱርቦው 0.6) ላይ በሰዓት ቢያንስ 100 ሊትር መስጠት ይኖርበታል።

ኮምፒውተሩም ኢንጀክተር መቀየሩን በራሱ አያውቅም። በ240 ፋንታ 400 ሲሲ ሲገባ ርጭቱ በ67 በመቶ ይጨምራል፤ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር ይህን ያህል ልዩነት ማረም አይችልም። ቱርቦ ከሌለው መኪና የመጣ የግፊት ሴንሰርም ብዙውን ጊዜ ከ1 ባር ብዙም አልፎ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ የግፊት ሴንሰሩን ማስቀየርና ኮምፒውተሩን ማስተካከል የግድ ነው፤ ሥራውም የአየርና የነዳጅ ምጣኔ መለኪያ ተገጥሞ፣ በሙሉ ግፊት ጊዜ ከ11.5 እስከ 12 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን እንዲሆን ተደርጎ ይሠራ።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና ቱርቦ የላትም፤ ካምሻፍቷና የጭስ ማውጫዋ ብቻ ተቀይረው 130 የፈረስ ጉልበት ትደርሳለች ተብያለሁ። 4ቱ ኢንጀክተሮቿ እያንዳንዳቸው በ3 ባር 200 ሲሲ ናቸው። ሳልቀይራቸው የነዳጁን ግፊት ብጨምር ይበቃኛል?
አንባቢ፣ ከጎርጎራ

መልስ፦ ይበቃዎታል። 130 በ5.25 ሲባዛ፣ ከዚያ ለ4ና ለ0.8 ሲካፈል 213 ሲሲ ይመጣል። ፍሰት የሚያድገው በግፊቱ ልክ ሳይሆን በግፊቱ ስኩዌር ሩት ስለሆነ፣ ከ3 ወደ 3.5 ባር ማሳደግ 8 በመቶ ጨምሮ 216 ሲሲ ይሰጥዎታል። ለሽምብጡ አንባቢ ግን ይህ መንገድ አይሆንም ነበር፤ 240ውን 383 ለማድረስ ከ7.5 ባር በላይ ያስፈልገዋልና። ግፊት ሲጨምር ፓምፕ የሚሰጠው መጠን ስለሚቀንስ፣ መለኪያ አስገጥመው በከፍተኛ ዙር በሙሉ ርግጫ ያስፈትኑ፤ ከ3.5 ባር ከወረደ በቅድሚያ የሚቀየረው ፓምፑ ነው።