ተጎታቿ ለምን ትወዛወዛለች?

ጥያቄ፦ ጣሪያዋ ሲዘረጋ ድንኳን የምትሆን፣ ከነዕቃዋ 600 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ ተጎታች አለችን። በሚኒባስ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስንወስዳት ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች። ስንመለስ የደንገጎን ቁልቁለት ስንወርድ ደግሞ ፍሬኑ ይሸታል። ምን እናድርግ? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ መወዛወዙ አብዛኛውን ጊዜ ከጭነት አደራደር ነው የሚመጣው። የውሃ ጀሪካኑ ከኋላ ከሆነ አፍንጫዋ ይቀልና ጅራቷ መኪናውን ይነዳዋል። ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ከጎማዎቿ ፊት ይሁን፤ መጎተቻው ላይ የሚያርፈው ደግሞ ከ60 እስከ 90 ኪሎ። የሚኒባሱ መመሪያ ከዚህ ያነሰ ከፈቀደ ግን መመሪያው ይበልጣል። ልኩን ለማወቅ ተጎታቿን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ከመኪናው ጋር የምትያያዝበትን ዘንግ ጫፍ በሰው ሚዛን ላይ አሳርፉ። መጎተቻው ከሻንሲው ጋር እንጂ ከፓራውልቱ ጋር አይታሰር፤ ሁለቱን የደህንነት ሰንሰለቶችም ከዘንጉ ሥር አጣምራችሁ እሰሩ።

መወዛወዝ ከጀመረች ፍሬን አትርገጡ፣ መሪውንም አታወናብዱ። እግራችሁን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ አንስታችሁ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ።

የፍሬኑ ሽታ ግን የበለጠ ያሳስበናል። የራሷ ፍሬን ከሌላት 600 ኪሎውን የሚያቆመው የሚኒባሱ ፍሬን ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ 2ኛ ወይም 3ኛ ማርሽ ቀንሱ፤ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ልቀቁት እንጂ እግራችሁን አታሳርፉበት። ከሸተተ ሰፊ ቦታ ቁሙ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ፣ በራሱ ይቀዝቅዝ። ውሃ አታፍስሱበት፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።