የሥጋ ዘመድ ላልሆነ የሥራ ባልደረባ መታሰቢያ ማድረግ ይቻላልን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የድሬዳዋ ነዋሪ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። በወርክሾፑ 22 ዓመት በቶርኖ ሥራ አብሮኝ የቆየ ወዳጄ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ዘመዱ ሳልሆን ስሙን ሰጥቼ ጸሎት ማስደረግ እችላለሁን? ሙት ዓመቱ በሰሙነ ሕማማት ይውላል። ደግሞም የቀድሞ ባልደረቦች ከዚራ ሰፈር ስንገናኝ ጨዋታውን እያነሣን እንስቃለን። ከወዳደቀ ብረት በቶርኖ አውጥቶ ለባለቤቴ የሰጣት ዘነዘና ቤታችን አለች፤ ቡና በተወቀጠ ቁጥር ስሙ ይነሣል። ይህ ሁሉ በሙት መቀለድ እንዳይሆንብን ሰጋሁ።

መልስ፦ ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ነፍሱን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልዎ። አዎን፣ ይችላሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 1 ላይ ሄኔሲፎሩን ሲያነሣ፣ ብዙ ጊዜ እንዳሳረፈው፣ በሰንሰለቱም እንዳላፈረበት፣ በኤፌሶንም እንዳገለገለ መስክሮ በዚያን ቀን ምሕረትን እንዲያገኝ ይለምንለታል። መምህራኖቻችን ሄኔሲፎሩ በዚያን ጊዜ በሥጋ እንዳልነበረ ከንባቡ ተረድተው ይህን ለሙታን የመጸለይ ማስረጃ አድርገው ያስተምሩታል። ጳውሎስ የጠቀሰው አብሮ መድከምን ነው እንጂ ዝምድናን አይደለም። ድሬዳዋም ብትሆን በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ ያቆማት ከተማ ስለሆነች፣ ዘመዱ ሩቅ የነበረውን ሰው ያስታመመውም ሆነ የቀበረው ብዙ ጊዜ ባልደረባውና እድሩ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ይቀድማል። በሥራ ቦታ የምንተዋወቀው በመጠሪያ ስም ነውና፣ ለጸሎት የሚሰጠውን የክርስትና ስሙን ከባለቤቱ ወይም ከንስሐ አባቱ ይጠይቁ። በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም፤ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት እንኳ የሚጸለየው ቀደም ብሎ በሆሣዕና ዕለት ነው። ስለዚህ ሳምንቱ ከመግባቱ በፊት የሚሆነውን ቀን ከደብሩ ካህናት ጋር ይነጋገሩና፣ ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ፣ ዘቢብ፣ ጧፍና ዕጣን እንደ ዐቅምዎ ይውሰዱ። ቤተሰቡ ያሰበው ነገር ካለ ከእነርሱ ጋር አብሮ ማድረግ ይሻላል።

ስለ ድግሱ አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ሳልናገር አላልፍም። ለተዝካር ተበድሮ በሬ የሚጥል ሰው ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፣ ሟቹም ቢያይ የሚወድለት አይመስለኝም። የወዳጅዎ መታሰቢያ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ምስር ወጥና ሽሮ ይበቃል። የወርክሾፑ ሙስሊም ባልደረቦችም እርድ ሳይለያችሁ ከአንድ ትሪ ሊቀምሱ ይችላሉ፤ ይህም ለድሬ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ነዳያን ይብሉ።

ወደ ሣቃችሁ ልመለስ። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር እንባውን ሲያፈስስ የቆሙት ሰዎች ምን ያህል ይወደው እንደ ነበር ተረድተዋል፤ ስለዚህ ልቅሶ የፍቅር ምስክር ነው። ፍቅር ግን በልቅሶ ብቻ አይመሰክርም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ዶርቃ የተባለች ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ለጴጥሮስ ያሳዩት በእጇ የሠራቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶች ነበር። አንዷ እጅጌውን፣ ሌላዋ ጠርዙን እያነሣች ስታሳይ ይታየኛል። የእርስዎ ቤት ዘነዘናም ከዚያ የምትለይ አይደለችም፤ ባለቤትዎ ቡናውን ሲወቅጡ ስሙን ጠርተው «ነፍስ ይማር» ካሉ መልካም አድርገዋል። ጨዋታውንም ያውሩ፤ ሰውየው እንደ ነበረ ይነሣ፣ ያልሆነውንም አትጨምሩበት። የምትጠነቀቁት በሕይወት ሳለ ቢሰማ የሚያፍርበትን፣ ወይም ልጆቹን አንገት የሚያስደፋውን ነገር ከማውራት ነው።

ዳዊት ለዮናታን ካለቀሰ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ከወዳጁ ቤት የቀረ ሰው አለን ብሎ ጠይቆ፣ እግሮቹ ሽባ የነበሩትን ሜምፊቦስቴን አስፈልጎ በማዕዱ አስቀምጦታል። እርስዎም የክርስትና ስሙን ለመጠየቅ ወደ ወዳጅዎ ቤት መሄድዎ አይቀርምና፣ በዚያው ቁጭ ብለው ቡና ይጠጡ፤ ልጆቹም በምን ላይ እንዳሉ ይጠይቁ።