የአንባቢያን ጥያቄ፦ ላብ ቶሎ የማይገድለው የቤዝ ክር

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፣ ባለ አራት ክር። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ አለን፣ በሳምንቱ መሀል ደግሞ ሁለት ማታ ክለብ እንሰራለን። ችግሬ እጄ በጣም ያልበዋል፣ አዲስ ክር ባስገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ድምፁ ድፍን ይልብኛል፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚጮህ ነው የሚመስለው። አውጥቼ እቀቅለዋለሁ፣ ትንሽ ቀን ይነቃና ተመልሶ ይሞታል። አሁን እህቴ ለፋሲካ ከሜሪላንድ ልትመጣ ነው፣ ምን ይዤልህ ልምጣ ስትለኝ ኮትድ የሚባለውን፣ ስስ ሽፋን የለበሰውን ክር ልላት አሰብኩ፣ ግን ዋጋው ከተራው ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ የባንዱ ልጆች ደግሞ ፕላስቲክ ነው ድምፅ ያፍናል ይሉኛል። እውነት ይቆያል? የቱን ልዘዛት? እሷ ስለ ሙዚቃ ዕቃ ምንም ስለማታውቅ በደንብ አስረድቼ ልላካት ብዬ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ እዘዛት። እጁ እንዳንተ ለሚያልበው፣ በሳምንት አራት ቀን ለሚሰራ፣ ጥሩ ክር የሚሸጥ ሱቅ ደጁ ላይ ለሌለው ሰው ኮትድ ክር ዋጋውን ያወጣል፣ እዚህ ላይ አልጠራጠርም። ግን የቱን የሚለው ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ክርህ እንዴት እንደሚሞት ካወቅክ ምርጫው ራሱ ይቀልልሃል።

የቤዝ ክር አንድ ሽቦ አይደለም። መሀሉ ላይ ጠንካራ የብረት ሽቦ አለ፣ በላዩ ላይ ሌላ ሽቦ ይጠመጠምበታል፣ በወፍራሞቹ ላይ ጥምጥሙ ሁለት ሦስት ድርብ ነው። በየጥምጥሙ መሀል ጠባብ ክፍተት አለ አይደል፣ ላቡም የእጅ ቅባቱም የቆዳ ፍርፋሪውም አቧራውም ሄዶ የሚወተፈው እዛ ነው። ያ ቆሻሻ ክሩን ከማክበዱም በላይ ጥምጥሞቹን አጣብቆ እንደልብ እንዳይተጣጠፉ ያደርጋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፣ ያ ጥርት ያለው የብረት ቃና ማለቴ ነው፣ ወፍራሙ ድምፅ ግን ይቀራል። ለዛ ነው ቱነሩ፣ ማለትም ቅኝት መለኪያው፣ ልክ ነህ እያለህ ጆሮህ ግን ሞቷል የሚልህ። ቆሻሻው ደግሞ እኩል አይከማችም፣ ጣትህ የሚበዛበት ቦታ ላይ ይበዛል፣ በዚህ ምክንያት ክሩ በየፍሬቱ (አንገቱ ላይ በተደረደሩት የብረት ዘንጎች) ልክ የሆነ ቃና መስጠት ያቅተዋል፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን ምታ፣ ክሩን ሳትጫን ነካ ብቻ አድርገህ ማለት ነው፣ ከዛ እዛው ተጭነህ ምታው፣ ትናንት እኩል የነበሩት ዛሬ ከተለያዩና ሌላ የነካኸው ነገር ከሌለ ክሩ ነው የሄደው።

ሁለተኛው ገዳይ ጨው ነው። ላብ ውስጥ ያለው ጨው ብረቱን ይበላዋል። ሦስተኛው ግን ፍሬቱ ነው፣ በየቀኑ እዛው ቦታ ስትጫን ክሩ ከታች በኩል ይጎደጉዳል፣ ጣትህን ከክሩ ስር አስገብተህ ብትጎትተው ይሰማሃል። ለቆሻሻውና ለጨው ኮቲንግ መድኃኒት ነው፣ ለጉድጓዱ ግን ምንም አያደርግም፣ ስለዚህ ኮትድ ማለት የማይሞት ማለት እንዳይመስልህ።

ቅቅሉን በተመለከተ፣ የፈላው ውሃ ቅባቱን ስለሚያስለቅቀው ነው የሚነቃው፣ ልክ ነህ ይሰራል። ግን ውሃው እስከ መሀለኛው ሽቦ ይገባል፣ በደንብ ካልደረቀ ከውስጥ መዛግ ይጀምራል፣ ከዛ ደግሞ ክሩን ፈትተህ መልሰህ ስትጠመጥመው መቃኛው ጋ የታጠፈው ቦታ ይደክማል። እኔ አንድ ጊዜ ሁለቴ የቀቀልኩት ወፍራሙ ኢ ክር ሰርግ መሀል፣ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ፣ እዛችው መታጠፊያ ላይ ተበጥሶብኝ መጠባበቂያ ክር ስላልያዝኩ ቀሪውን ሰዓት በሦስት ክር ነው የጨረስኩት። ከዛ ወዲህ ቅቅል ለጭንቅ ቀን ብቻ ነው ብያለሁ፣ ኮትድ ክርን ደግሞ ጭራሽ አትቀቅል።

አሁን ወደ ኮቲንጉ። ሁሉም ኮትድ አንድ አይነት አይደለም፣ ጓደኞችህ ፕላስቲክ ነው የሚሉትም አንዱን አይነት ሞክረው ይሆናል። ስሙ በጣም የታወቀው ኤሊክሰር ነው፣ የሚሰራው ጎር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፣ ያ ጎርቴክስ የሚባለውን ዝናብ የማያስገባ ጨርቅ የሚሰራው። ሽፋኑ የማይዝ መጥበሻ ላይ የሚቀባው ቴፍሎን ቤተሰብ ነው፣ ግን ተስቦ እጅግ ቀጭን ሆኖ የተሰራ። ክሩ ተጠምጥሞ ካለቀ በኋላ ነው ከላይ የሚያለብሱት፣ ስለዚህ ክፍተቶቹ ራሳቸው ይዘጋሉ፣ ቆሻሻ የሚገባበት የለም። ላብ ለሚያስቸግረው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጉዳቱ ስትነካው ለስለስ ሸርተት ይላል፣ አንዳንድ ሰው ይሄን ይጠላል፣ እኔ ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ለመድኩት። ድምፁ ገና አዲስ ሆኖ ከተራው አዲስ ክር በጥቂቱ ይለሰልሳል፣ እዚህ ላይ ጓደኞችህ ጨርሰው አልተሳሳቱም፣ ግን ማወዳደር ያለብህ ከተራው ክር የመጀመሪያ ቀን ጋር ሳይሆን ከሦስተኛ ሳምንቱ ጋር ነው፣ አንተ አብዛኛውን ጊዜ የምትሰራው በዛ በሞተው ነዋ!

ሌላው ዳዳሪዮ ኤክስቲ ነው፣ ሽፋኑ በጣም ስስ ስለሆነ ጣት ላይ ተራ ክር ነው የሚመስለው፣ የድሮውን ስሜት ለማይለቅ ሰው ይሄ ይሻላል፣ በኔ እጅ ግን እንደ ኤሊክሰር ረጅም አልሄደም። ዲአር የሚባለው ደግሞ ጥቁርና ሌላም ቀለም ያላቸው ኮትድ ክሮች አሉት፣ መድረክ ላይ ያምራሉ፣ ግን ጣትህ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ እየለቀቀ ይሄዳል።

ላንተ ኤሊክሰር እላለሁ፣ የላይኛው ጥምጥሙ ኒኬል የተቀባውን። ስቴይንለስ ስቲሉ ዝገት በተሻለ ይችላል፣ ድምፁም ይበልጥ ይጮሃል፣ ግን ጠንካራ ብረት ስለሆነ ፍሬትህን ቶሎ ይበላዋል፣ ፍሬት ማስቀየር ደግሞ ከክር በጣም ይወደዳል፣ የሚሰራልህ ባለሙያ ማግኘትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከኔ ልምድ ተራው ሦስት ሳምንት የሚቆይልኝ ከሆነ ይሄኛው ሁለት ወር ተኩል ሦስት ወር ይሄዳል። እጥፍ ከፍለህ ሦስት እጥፍ ካገኘህ ሒሳቡ ግልፅ ነው። ብዙ ስላፕ የምትመታ (ክሩን በአውራ ጣት እየደበደብክ) ወይ በፒክ፣ በዛች ትንሽ መምቻ ፕላስቲክ የምትጫወት ከሆነ ሽፋኑ እዛ ቦታ ላይ እንደ ጥጥ ጭረት ጭረት እያለ ይላጣል፣ ክሩ ሞተ ማለት አይደለም፣ አትጎትተው ተወው።

ለእህትህ ስትልክላት ስም ብቻ አትንገራት፣ አሁን ያለህን ክር ፓኬት ፎቶ አንስተህ ላክላት። ቁጥሮቹ የውፍረት ናቸው፣ በኢንች ሺኛ፣ 105 ማለት 2.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አሁን 45-65-85-105 ከሆነ የያዝከው እሱኑ ታምጣ፣ ቁጥሩን ከቀየርክ አንገቱ ላይ ያለው ውጥረት ይቀየርና ክሩ ወይ ይርቅብሃል ወይ ፍሬት ላይ ይንጫጫል፣ እንደገና ማስተካከል ሊኖርብህ ነው። ርዝመቱንም ለካ፣ ከነቱ (ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ ከሚያርፍበት) እስከ 12ኛው ፍሬት ወደ 43 ሳንቲ ከሆነ ሎንግ ስኬል ነው፣ አብዛኛው ቤዝ እሱ ነው። ባለ አምስት ክር ለምትጫወቱ ደግሞ ፓኬቱ ላይ አምስት ቁጥር መኖሩን እዩ፣ ቢ የምትባለዋ ወፍራሟ ክር ብዙ ጊዜ 130 ናት። እና ከማይታወቅ ሻጭ በርካሽ ኦንላይን እንዳትገዛ ንገራት፣ አስመስለው የሚሰሩ አሉ፣ እኔም ከአንድ ሱቅ ኮትድ ብለው ሸጠውልኝ በሳምንቱ አረንጓዴ ሆኖብኛል። ሜሪላንድ ውስጥ ትልልቅ የሙዚቃ ዕቃ መደብር አይጠፋም፣ እዛ ገብታ ፎቶውን ታሳያቸው። ሁለት ፓኬት ታምጣልህ፣ አንዱ መጠባበቂያ።

ስታስገባው አንድ በአንድ ቀይር፣ አራቱንም ባንዴ አትፍታ። ትርፉን ከመቁረጥህ በፊት ክሩን መጀመሪያ 90 ዲግሪ እጠፈው፣ ከዛ ከመታጠፊያው ወዲያ ቁረጥ፣ ቀጥ ብሎ እያለ ከቆረጥከው ጥምጥሙ ሊላቀቅና ክሩ ከጅምሩ ሊሞት ይችላል። ሌላ ልትሰማው የምትችለው ነገር፣ ተራ ክር ስትነካ ዝም የሚል ሁምምም የሚል ድምፅ ከአምፑ ካለ ኮትዱን ስትነካ ላይጠፋ ይችላል፣ ሽፋኑ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ነው። ብሪጁን፣ ክሩ ከታች የሚታሰርበትን ብረት፣ ስትነካ ከጠፋ ክሩ ምንም አልሆነም፣ ግን የክለቡን ሶኬት ኧርዝ እንዲያዩት ንገራቸው፣ ይሄ የድምፅ ብቻ ሳይሆን የነፍስም ጉዳይ ነው።

ኮትድም ይሁን አይሁን ከመድረክ ስትወርድ ቤዙን ቦርሳ ውስጥ ከመክተትህ በፊት በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ከላይ ብቻ ሳይሆን ጨርቁን ከክሩ ስር አስገብተህ። ከመጀመርህ በፊትም እጅህን ታጠብ፣ በተለይ ሰርግ ላይ በልተህ ቀጥታ መድረክ የምትወጣ ከሆነ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጥርት ያለው ድምፅ የግድ ያስፈልግሃል ወይ? በፈረንጆቹ 80ዎቹ በሮሃ ባንድ ታጅበው የወጡትን ካሴቶች አስታውስ፣ ጆቫኒ ሪኮ የሚጫወተውን ቤዝ፣ ክብ፣ ሞላ ያለ፣ ዘፋኙን ከስር የሚሸከም። ስትሰማ ልብህ ወደዛ የሚሄድ ከሆነ ፍላት ዋውንድ የሚባለውን ክርም አስብበት። ጥምጥሙ ክብ ሽቦ ሳይሆን ጠፍጣፋ ነው፣ ቆሻሻ የሚገባበት ክፍተት የለውም ማለት ይቻላል፣ ድምፁ ከመጀመሪያውም ለስላሳ ስለሆነ የሚጠፋ ጥርት የለውም። ሞታውን ለሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ይጫወት የነበረው ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰን በፈረንጆቹ 1962 በተሰራው ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዙ ላይ ላቤላ የሚባለውን ፍላት ዋውንድ አድርጎ ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር ይባላል። ትዝታ በዝግታ ስትጫወት ጣትህ ክሩ ላይ ሲንሸራተት ሲርርር የሚለው ድምፅም አይኖርም። ለስላፕ ግን አይሆንም፣ የክለቡ ስራ ስላፕ ከበዛበት ኮትዱ ላይ ቆይ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዱባይ ነው ያለሁት፣ ቤተክርስቲያን ከመዘምራን ጋር ቤዝ እጫወታለሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። ተራ ክር አምስት ፓኬት በቅናሽ ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ እዚህ ወበቁ ከባድ ነው፣ ሳልጠቀምበት ይዝግብኛል? ኮትድ ልግዛ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ የገዛሽውን ተጠቀሚ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለሚጫወት ሰው ኮትድ የግድ አይደለም። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ላስቲክ በደንብ የታሸገ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይቀመጣል፣ የወረቀት ኤንቨሎፕ ብቻ ከሆነ ግን አየር በማያስገባ የምግብ ላስቲክ ውስጥ አድርጊው፣ አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የምናገኛትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢትም አብረሽ ክተቺ። ቤዙን ደግሞ ኤሲ ካለበት ክፍል አውጥተሽ ወዲያው ውጪ ሙቀት ላይ አትክፈቺው፣ ቀዝቃዛው ክር ላይ ውሃ ይቋጥርበታል፣ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይና ከዛ አውጪው።